ቡናውን የሚያጣፍጠው ሲኒው አይደለም

ቴፒ ላይ ስለ ቡና ማንም ማንንም አያታልልም። ከየኪ ወረዳ ገበሬ እስከ ትልቁ እርሻ የቀን ሠራተኛ ድረስ ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ የቡና ጣዕም የሚወሰነው ቀዩን እሸት መርጦ በለቀመው፣ ሳያሳድር ባደረሰው፣ አልጋ ላይ እያገላበጠ ባደረቀው ሰው እጅ ነው። አረንጓዴውን ከቀዩ ቀላቅሎ መሬት ላይ ያሰጣ ሰው በወርቅ ሲኒ ቢያቀርበውም ያው ነው። ቡና ቀማሽ ሲኒውን አይቀምስም።

ስለ ሙዚቃ ሲወራ ግን ክርክሩ ሁሉ ስለ ሲኒው ይሆናል።

«የድሮ ዘፈን በሸክላ ሲሰማ ነፍስ አለው፤ ሲዲ መጥቶ ነፍሱን ገደለው» የሚለው አባባል ከአዲስ አበባ ካፌዎች እስከ ዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ድረስ እንደ እምነት ቃል ይደገማል። ሸክላ ሲዞር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ዘፈን ሁሉ ከፍላሽ የሚሰማ ወጣት ሳይቀር ይደግመዋል። በሌላ ወገን ደግሞ «ቁጥር አይዋሽም፤ ሲዲ ይበልጣል፤ የቀረው የሽማግሌ ናፍቆት ነው» የሚል ጎራ አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስህተታቸው የሻይ ቤት ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። ግን አይቀርም። ገና ያልተቀዳ፣ ባለቤቶቹ በሕይወት እያሉ መቀዳት ያለበት ሙዚቃ አለ፤ የብዙው መገኛም ይኸው የደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በመለኪያ ብቻ ከሆነ ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሶኒና በፊሊፕስ ትብብር ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልኬት በ16 ቢት፣ ማለትም ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘግባል። ይህ ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል። ጥሩ ሸክላ፣ በጥሩ ማጫወቻ ላይ፣ ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ቢደርስ ነው። ሸክላ ይንጫጫል፣ አቧራ ይይዛል፣ በተጫወተ ቁጥር ይፋቃል። መርፌው ወደ መሀል በተጠጋ ቁጥር ደግሞ ከሥሩ የሚያልፈው ቦይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በትልቁ ሸክላ ዳር ላይ በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል የነበረው፣ መሀሉ አካባቢ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የየገጹ የመጨረሻ ዘፈን ከመጀመሪያው ሻከር ብሎ የሚሰማውም በዚህ የተነሳ ነው።

«ዲጂታል ድምፅን እንደ ደረጃ ይቆራርጠዋል፤ ሸክላ ግን ያልተቆረጠ ሞገድ ነው» የሚለው የታወቀ መከራከሪያም አያዋጣም። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርትዝ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ እሱም ይቀንሳል። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ እስከ 22,050 ሄርትዝ ድረስ ያለውን ሞገድ መልሶ ለማውጣት ይበቃል። ከማጫወቻው የሚወጣውም ደረጃ ሳይሆን ለስላሳ ሞገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የቦስተን የድምፅ ማኅበር አባላት የሆኑ ሁለት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ከሲዲ እጅግ ከፍ ባለ ጥራት የተቀዳ ሙዚቃ በቀጥታና በሲዲ ጥራት አልፎ እየተቀያየረ ለአድማጮች ቀረበ። አድማጮቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተነገራቸውም። ከ500 በላይ ሙከራዎች ተደርገው ትክክለኛው መልስ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሳንቲም እየወረወሩ ቢመልሱም ውጤቱ ያው ነበር።

እዚህ ላይ የሲዲ ደጋፊ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ግን ቶሎ መጥፋት አለበት። አንድ ዘፈን በሸክላና በሲዲ ጎን ለጎን ተሰምቶ ሸክላው የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን የሚመሰክሩ ሰዎችም ሕልም አላዩም። ጆሯቸው ልክ ነው። የተሳሳቱት ምክንያቱን ሲናገሩ ነው።

ሸክላ «እምቢ» ይላል

ድምፅ ትንሽ ከፍ ሲል ለጆሮ ያማረ ይመስላል። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ቤዙን አሳንሶ ይሰማል፤ ድምፁ ሲጨምር ቤዙ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሙዚቃው የሞላ ይመስላል። ነጋዴ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ሬዲዮ ላይ ከጎረቤቱ ዘፈን በላይ የሚጮህ ዘፈን ይሸጣል። ስለዚህ አሳታሚው ሁሉ «ከሱ በላይ አስጩኽልኝ» ማለት ጀመረ።

በሲዲ ላይ ግን ድምፅ ሊያልፈው የማይችለው ጣሪያ አለ። ጣሪያው ላይ የደረሰ ድምፅ ከዚያ በላይ እንዲጮህ የሚደረገው የቀረውን ወደ ላይ በመግፋት ነው። ኮምፕሬሰርና ሊሚተር የሚባሉት መሣሪያዎች ከፍ ያለውን ይጨምቁታል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይነሳል። ሹክሹክታውም ጩኸቱም አንድ ቁመት ይሆናል። የከበሮው ምት ከሌላው ድምፅ በልጦ ደረት መምታቱ ይቀራል። ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ የነበረው ዝምታ ይሞላል። የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ «ዋው» ያሰኛል፤ አራተኛው ዘፈን ላይ ጆሮ ይደክማል። ሰሚው ለምን እንደደከመው አያውቅም፤ ማጫወቻውን ያጠፋል።

ሸክላ ይህን በደል አይቀበልም። ደግ ስለሆነ ሳይሆን አካል ስላለው ነው። ድምፁ በበዛ ቁጥር ቦዩ ይሰፋል፤ ቦዩ ሲሰፋ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ደቂቃ ያንሳል። ከመጠን ካለፈ መርፌው ከቦዩ ዘሎ ይወጣል፤ ቦዩን የሚቆርጠው መሣሪያ ራሱ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ለሸክላ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ወደደም ጠላም ልኩን መጠበቅ አለበት። ዝምታው ዝምታ፣ ምቱም ምት ሆኖ ይተርፋል።

ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አድማጩ የሚያወዳድረው ሸክላን ከሲዲ ጋር አይደለም፤ በልክ የተዘጋጀን ቅጂ በስግብግብነት ከተጨመቀ ቅጂ ጋር ነው። መጀመሪያዎቹ ሲዲዎች ላይም ሌላ ጥፋት ነበር። ብዙዎቹ የተገለበጡት ለሸክላ ተብሎ ድምፁ ከተስተካከለ ቴፕ ስለነበር ሻካራ ሆነው ወጡ። ጥፋቱ የሰነፍ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ስሙ የጠፋው ዕቃው ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ ካለ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ «ዴዝ ማግኔቲክ» የተሰኘ አልበም አወጣ። ሲዲው ከመጠን በላይ ተጨምቆ ስለነበር አድናቂዎቹ እንደገና እንዲዘጋጅ ፊርማ እስከ ማሰባሰብ ደረሱ። በዚያው ጊዜ ያው ዘፈን ጊታር ሂሮ በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ብዙም ሳይጨመቅ ገብቶ ነበርና «የጌሙ ይሻላል» ብለው እሱን ማዳመጥ ያዙ። ሲዲውም ጌሙም ዲጂታል ናቸው። ልዩነቱ እጅ ላይ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ጉድ ተሰማ። ከፍተኛ ዋጋ የሚጠየቅባቸውና «ዲጂታል ያልነካቸው» ተብለው የተወደሱ ሸክላዎቹ በመሀል በዲጂታል ቅጂ ሲያልፉ መቆየታቸው ተገለጠ። ለዓመታት «ይኸው የንጹሕ ሸክላ ድምፅ፣ ዲጂታል የት ይደርሳል!» እያሉ ሲያደንቁ የነበሩት ጆሮዎች ያደነቁት ዲጂታሉን ጭምር ነበር። ያማረውም በጥንቃቄ ስለተሠራ ነው።

የሐበሻ ሸክላ ታሪክም ይህንኑ ይናገራል

ሸክላ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀርጸዋል። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው ግን የመጣው ኋላ ነው። የሸክላ ሥራ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተፈቀደበት አገር፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሐ እሸቴ ክልከላውን ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን አቋቋመ። አብዮቱ መጥቶ እስኪሰደድ ድረስ 100 ያህል ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስም ነበሩ።

የእነዚያ ዘፈኖች ድምፅ ለምን ያዘናጋል? ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ አብሮ ይጫወት ስለነበር ነው። ነፋሾቹ አብረው ይተነፍሳሉ፤ ዘፋኙ ቢሳሳት ቆርጦ የሚቀጥልለት ኮምፒውተር የለም። ከትናንሹ ሸክላ በአንዱ ገጽ ላይ የሚገባው የአራት ደቂቃ ያህል ዘፈን ነው፤ ቅንብሩ ወሬ የማብዛት ዕድል አልነበረውም። ይህ ሁሉ የተደረገው ድምፁ ፕላስቲክ ከመንካቱ በፊት ነው።

የሸክላ አምላኪዎች ሊሰሙት የማይወዱት እውነት ደግሞ አለ። ያንን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰው በዋናነት ሲዲ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ጋር በ1990 ዓ.ም አካባቢ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የወጣው በሲዲ ነበር። የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ሰምቶ የደነገጠው የውጭ አገር አድማጭ ሮጦ የገዛው ሲዲ ነው። «ነፍስ ገዳይ» የተባለው ሲዲ ከሞት ያስነሳውን ሙዚቃ ዛሬ «በሸክላ ካልሆነ አይሰማም» ማለት ውለታ መርሳት ነው።

የኃይሉ መርጊያ አልበም ደግሞ ክርክሩን ጨርሶ ይዘጋዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን የቀዳው «ሸሞንሟናዬ» ሲወለድ ካሴት ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ ተጠርጎና ታክሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በሸክላም ጭምር ታተመ። ዓለም ወደደው። «ሸክላ ነፍስ አለው» የሚለው ሰው እዚህ ላይ ምን ይላል? ሸክላው ካሴቱ ላይ ያልነበረ ድምፅ ከየት ያመጣል? ነፍሱ የነበረው ኃይሉ ጣቶች ላይ ነው። ሸክላውም፣ ሲዲውም፣ ካሴቱም ተሸካሚዎች ናቸው።

ሸክላ መስማት ታዲያ ሞኝነት ነው? አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሲዲ ይልቅ ሸክላ ተሸጧል፤ 41 ሚሊዮን ሸክላ፣ 33 ሚሊዮን ሲዲ። ያ ሁሉ ሰው ዕብድ አይደለም። ሸክላ ሰውን ያስቀምጣል። ተነስቶ ማገላበጥ አለ፤ እየዘለሉ መስማት አይመችም። አቦል ሳይጠጡ በረካ እንደማይባለው ማለት ነው። ትንሽ የሸክላ መዛባትም ለብዙ ጆሮ ሙቀት ሆኖ ይሰማል፤ ጣዕም ነውና ክርክር የለውም። ክርክር ያለው ጣዕሙን ሕግ አድርጎ «ዲጂታል ድምፅ ይገድላል» የሚል ስብከት ላይ ነው።

ስብከቱ ማንን ይጎዳል?

ሸክላ ሊገዛ የሚችለውን አይጎዳም። የሚጎዳው ቴፒን ነው።

ቴፒ ላይ ዘፈን የሚሰማው ከፍላሽ፣ ከሜሞሪ ካርድና ከስልክ ነው። ከዩቲዩብ ወርዶ፣ እንደገና ተጨምቆ፣ ከስልክ ስልክ እየተላለፈ የሚመጣ ኤምፒስሪ ነው። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪ ከሲዲ መረጃ የሚይዘው አሥራ አንድ እጅ ተከፍሎ አንዱን ነው። ይህንን ሰምቶ «ዲጂታል አስቀያሚ ነው» የሚል ወጣት አይፈረድበትም፤ ዲጂታል ሲባል ያቀረቡለት ገለባውን ነው። ጉዳዩ ለቡና አብቃይ አዲስ አይደለም። ደረጃውን ያሟላ ቡና ወደ ውጭ ይላካል፤ አገር ውስጥ መሸጡም ለረጅም ጊዜ በሕግ የተከለከለ ነበር። ላብቃዩ የሚተርፈው የቀረው ነው። የሐበሻ ሸክላም እንዲሁ ሆኗል። ዋናው ቅጂ በውጭ ሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ሕዝብ የቅጂ ቅጂ ይሰማል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይኸኛው ነው። የሸክላው «ወርቃማ ዘመን» በአብዛኛው የአዲስ አበባ ባንዶችና የአማርኛ ዘፈን ዘመን ነበር። ለሸካቾ፣ ለሸኮ፣ ለቤንች፣ ለመዠንግር ዘፈን በሩን አልከፈተም ማለት ይቻላል። የጫካ ማር ሲቆረጥ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ሰው ሲለቀስ የሚዜመው ድምፅ ሸክላ ላይ ይገኛል ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ይደክማል። ስለዚህ «እውነተኛ ድምፅ ሸክላ ላይ ነው» ሲባል፣ ሳይታወቅ የሚባለው «እውነተኛ ሙዚቃ ያለው ሸክላ የደረሰው ሕዝብ ብቻ ነው» ነው። ሸክላ ያልደረሰው ሕዝብ ያለው ዕድል ዲጂታል ብቻ ነው። ይህንን ዕድል «ነፍስ የለውም» ብሎ ማናናቅ በሩን ሁለተኛ ጊዜ መዝጋት ይሆናል።

ማናናቁ ሥራ ላይም ይታያል። «ዲጂታል ያው ዲጂታል ነው» ብሎ የሚያምን ሰው አዛውንቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ በስልክ ይቀዳል። ስልኩ ድምፁን ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ዝምታውን ሞልቶ ጩኸቱን ይቆርጣል። ከዚያ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ልብ ይሰበሰብበታል፣ አበቃ። አዛውንቱ ሲያልፉ የሚቀረው ያ ነው።

ምን ይደረግ?

መልካሙ ዜና ሥራው ርካሽ መሆኑ ነው። የሸክላ ፋብሪካ አያስፈልግም። አንድ ሰዓት ሙዚቃ በሲዲ ጥራት፣ ሳይጨመቅ፣ 635 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። 64 ጊጋባይት የሚይዝ ተራ ፍላሽ 100 ሰዓት ይሸከማል። የሚያስፈልገው በእጅ የሚያዝ ጥሩ መቅጃ፣ ጸጥ ያለ ቦታና ልክ ማወቅ ነው። ድምፁ ጣሪያውን እንዳይነካ ዝቅ አድርጎ መቅዳት፣ ዋናውን ቅጂ ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ ከአንድ በላይ ቦታ ማኖር፣ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ቋንቋ እንደዘፈነ መጻፍ። ሸክላ በግድ ያስከበረውን ልክ ዲጂታል በፈቃድ እንዲከበር ይጠይቃል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ይህ ሥራ ባለቤት ሊኖረው ይገባል። ቴፒና ሚዛን አማን ላይ ግቢ ያለው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የዞኖቹ የባህልና ቱሪዝም መምሪያዎች አሉ። በየዓመቱ ለበዓል መድረክና ለባነር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ቢቀነስ መቅጃ ይገዛል። ስቱዲዮ ያላቸው የአዲስ አበባ ባለሙያዎችም የድርሻቸውን ይውሰዱ። «ደንበኛ እንዲጮህለት ይፈልጋል» የሚለው ሰበብ ያረጀ ነው፤ ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ከመጠን በላይ የጮኸውን ዘፈን ሲያጫውቱ ድምፁን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። ጨምቆ የላከ ሰው የሚተርፈው የተጨፈለቀ ዘፈን ብቻ ነው።

ቤቱ አሮጌ ሸክላ ያለው ሰውም ከመሸጡ በፊት ያስብበት። ሸክላ በሙቀት ይጣመማል፣ በእርጥበት ይሻግታል፤ የቴፒ አየር ሁለቱም አለው። አቁሞ፣ ከፀሐይ አርቆ፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጠው፤ በጥሩ ማጫወቻ፣ ሳይጨመቅ፣ ወደ ዲጂታል ያስገልብጠው። ከዚያ በኋላ ሸክላውን ለአሜሪካዊ ሰብሳቢ ቢሸጠው ድምፁ ቢያንስ አገር ውስጥ ይቀራል። ሳያስገለብጥ የሸጠ ግን ድምፁንም አብሮ ሸጦታል።

ሸክላ ይሻላል ወይስ ሲዲ የሚለው ክርክር እስከ ማታ ሊቀጥል ይችላል። ክርክሩ ሲያልቅ ሁለቱም ተከራካሪዎች የሚሰሙት ዘፈን አይጠፋም፤ ከተቀዳ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የየኪ አዛውንት ዘፈን ግን እየጠበቀ ነው፤ ዕድሜ ደግሞ ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅም።